ያልማልሁበት ድመት

በ፳፻፫ ዓ.ም. በበጋ፣ ጥር ሊያልቅ ሲል ነው የሆነው። አዝመራው ተወቅቶ ገብቷል። መካነ ሰላም ላይ ጠዋት ጠዋት ደጅ ያደረ ውኃ ይረጋ ነበር፤ ቀን ደግሞ ነፋሱ አቧራ ይዞ ይዞራል።

ባለቤቴ ካረፉ ጥቂት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት፣ ትርንጎ። ጂዳ ሄዳ ሰው ቤት ገባች፤ አሠሪዎቿ ቢያንገላቷት ጠፍታ ወጣች። የተቀበለቻት የጎረቤቴ የዘሐራ ልጅ መዲና ናት። መዲና በተከራየቻት አንዲት ክፍል ሁለቱ አብረው ይኖሩ ነበር። ልጄ ወረቀት አልነበራትም። ያቺ ክፍል ከቀረችባት መንገድ ላይ ናት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የዚያ ሰሞን ነገር ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ከዘሐራ ጋር የሚለየን አጥር ብቻ ነው። እሷ ሙስሊም ናት፣ እኔ ክርስቲያን። በዒድ ለእኔ ብላ ዶሮ በክርስቲያን እጅ ታሳርዳለች፤ እኔም በፋሲካ ለእሷ እንዲሁ። ልጆቻችንን አንድ ላይ አሳድገናል። በመካከላችን ክፉ ነገር አልነበረም፤ ነብሮ ጫጩቶቼን እስኪበላ ድረስ።

ነብሮ የመዲና ድመት ነው። ዓይኑን ሳይገልጥ አንሥታ በጥጥ ወተት እያጠባች ያሳደገችው፣ ሽንትርትር ያለ ወንድ ድመት። ዐርብ ዐርብ ጠዋት ትደውላለች፤ ከእናቷ ጤንነት በፊት የእሱን ትጠይቃለች። ዘሐራ በዚህ ትስቅ ነበር፤ «እኔ ብቀበር ነብሮ ይነግራታል» ትል ነበር።

ጫጩቶቼን የበላ ጊዜ ተናድጄ ቦኖ ውኃ ዘንድ፣ ሴቱ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ይህ ድመት አንድ ቀን የእጁን ያገኛል» ብያለሁ። ብዬ ረሳሁት። የሰሙት ግን አልረሱም።

አዝመራው ሲገባ አይጥ በዛብኝ። ከገበያ የአይጥ መርዝ ገዝቼ በሊጥ ለወስሁት፣ በቆርቆሮ ክዳን አድርጌ ከጎተራው ሥር ከተትሁት። በእኛ ዘንድ መርዝ የሚያስቀምጥ ሰው አስቀድሞ ለጎረቤት ይነግራል፤ ጎረቤትም ድመቱን ያስራል። ይህ የቆየ ደንብ ነው። እኔም በአጥሩ ላይ ሆኜ «የመዲና እናት፣ መርዝ ላኖር ነው፤ ነብሮን እሰሪልኝ» አልኋት። «እሺ፣ አብሽሪ» አለችኝ። በቃጫ ገመድ ማድቤቷ ምሰሶ ላይ አሰረችው። ሳምንት አለፈው።

በዚያው ሳምንት ዐርብ መዲና ደወለች። ዘሐራ ሁልጊዜ ስልኩን በአጥር ታቀብለኝና ከትርንጎ ጋር እነጋገር ነበር። ያን ዕለት አላቀበለችኝም። ብጠይቃት «ተኝታለች አለችኝ» ብላ ፊቷን አዞረች። ትርንጎ በጠዋት የምትተኛ ልጅ አይደለችም። ልቤ ውስጥ አንድ ነገር ገባ። ልጄ ከብዳቸው ይሆን? አልሁ። አልጠየቅሁም። ያልተጠየቀ ነገር እንደ እርሾ ነው፤ እያደር ይነሣል።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ የነብሮ ጩኸት ተሰማኝ። የረሃብ ጩኸት አይደለም። ከጉሮሮ ሳይሆን ከሆድ የሚወጣ፣ ረጅም። አጥሩ ዘንድ ሄድሁ።

«ምን ሆኖ ነው?»

ዘሐራ ከማድቤት ብቅ አለች። «ሆዱ ደርቆበታል መሰለኝ። አመዱ ላይ ቁጢጥ ይላል፣ ያምጣል፣ ምንም የለም። ቅቤ አስዋጥሁት።»

«ተሻለው?»

«አስታወከው።»

ይህን ስትል ዓይኗ ከእኔ አልፎ ጎተራዬ ላይ አረፈ። ለአፍታ ነው፤ ግን አየሁ። ከዚያ ቀስ ብላ «ትናንት ገመዱን በጥሶ ወጥቶ ነበር» አለችኝ። «ሲመለስ ከየት እንደመጣ እንጃ።»

ወደ ቤቴ ገብቼ ወደ ጎተራው ሥር ጎንበስ አልሁ። ክዳኑን ሳብሁ። ሊጡ በአንድ በኩል ተነክሷል።

የአይጥ ጥርስ ነው ወይስ የድመት? መለየት አልቻልሁም። ፀሐይ ላይ አውጥቼ አየሁት። አልታወቀኝም።

ሐሙስ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የዘሐራ ወንድም ጋሽ ሙሄ ደጄ ላይ በትሩን ተደግፎ ቆሞ አገኘሁት። ሽማግሌ ነው፤ የሰፈሩን ጠብ ሁሉ እሱ ነው የሚያበርደው።

«እንዴት አደርሽ፣ የትርንጎ እናት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንዴት አደሩ፣ ጋሼ?»

«እኔማ ደኅና ነኝ። ያ ድመት ነው ያላስተኛን። እኔ ታምሜ ስተኛ ማንም እንዲህ አልተጨነቀልኝም።» ፈገግ አለ፤ ወዲያው ፈገግታውን መለሰው። «ነይ እስኪ፣ ወዲህ።»

ወደ ዘሐራ ማድቤት ገባን። ነብሮ አመዱ አጠገብ በጎኑ ተጋድሟል። አመዱ ላይ ጥቂት የደም ጠብታ አለ፤ ሌላ ምንም የለም። ዘሐራ ቀና ብላ አላየችኝም።

«ደም» አለች። «መርዝ ደም ነው የሚያስወርድ። ሴቱ ሁሉ ያውቃል።»

ጋሽ ሙሄ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ነገር አናብዛ። የትርንጎ እናት፣ ቦኖ ዘንድ የተናገርሽው አለ። ድመቱ ወጥቶ ነበር። አንቺ ደግሞ ሰላማዊ ሰው ነሽ፤ እግዜርን የምትፈሪ። ዘሐራም በመሐላሽ ታምናለች። እጄ የለበትም፣ መርዜንም አልበላም ብለሽ በታቦትሽ ማይላት፤ እኔ ዱዓ አድርጌ እዘጋዋለሁ።»

አመዱ ላይ ያለውን ደም አየሁ።

«ምን ያስቸግራል?» አለች ዘሐራ። አሁን አየችኝ። «እውነት ከሆነ ቃል ናት፤ ታልቃለች።»

«እጄ የለበትም» አልሁ። «መርዜን አልበላም ብዬ ግን አልምልም። አላውቅማ። ሊጡ ተነክሷል። ማን እንደነከሰው አላየሁም። በማላውቀው ነገር ታቦት አልጠራም። በማውቀውም ቢሆን አልጠራም፤ ወንጌሉ አትማሉ ይላል።»

«ተነክሷል?» አለች ዘሐራ።

«ተነክሷል።»

ጋሽ ሙሄ በትሩን መሬት ላይ እያሽከረከረ «ኧረ አንቺ ሴት፣ ይህን ባትናገሪ ምን ነበረበት» አለ፤ ለራሱ የሚናገር ይመስል ነበር።

ዘሐራ ነብሮን በነጠላዋ ጠቅልላ አነሣችው። ድምፅዋን አላነሣችም። ብታነሣው ይሻለኝ ነበር።

«ነገ ዐርብ ነው» አለች። «መዲና ትደውላለች። ነብሮስ ትለኛለች። የማንን ልጅ ቤቷ እንዳስቀመጠች ያን ጊዜ እነግራታለሁ።»

የምድጃው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ያለፈው ዐርብ ትዝ አለኝ፤ ያልተቀበልሁት ስልክ። አሃ፣ አልሁ በልቤ። ልጄን ማስወጣት ከፈለጉ ቆይተዋል፤ ድመቱ ምክንያት ሆናቸው። እሷ እኔን በመርዝ ትጠረጥራለች፣ እኔ እሷን በልጄ። ሁለታችንም አንድ ማድቤት ውስጥ ተቀምጠን አንድ የታመመ እንስሳ እናያለን።

ነብሮ እንደገና ተነሥቶ ወደ አመዱ ሄደ። ቁጢጥ አለ። ጅራቱ ተንቀጠቀጠ፤ ጮኸ። ምንም አልወጣም። ዞሮ ያንን ቦታውን ላሰ።

ያኔ ባለቤቴ ትዝ አሉኝ። የኩላሊት ጠጠር ሲያማቸው እንዲሁ ይሆኑ ነበር፤ ወደ ደጅ ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ፣ ይወጣሉ።

«ሐኪም ይየው» አልሁ።

«ድመት ምን ሐኪም አለው?»

«የከብቱ ሐኪም ይየው። መርዝም ከሆነ እሱ ይናገር። እኔ የማልምልበትን ሐኪሙ ያውቀዋል።»

ዘሐራ ወንድሟን አየች። ጋሽ ሙሄ ትከሻውን ነቀነቀ። «ሒጂ። ከመሐላ እሱ ይረክሳል።»

ልሸከምላት እጄን ዘረጋሁ። «አንቺ አትንኪው» አለችኝ። እሷ ፊት፣ እኔ ኋላ ሆነን ሄድን። መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲለን ለየብቻ እንመልሳለን።

የእንስሳት ክሊኒኩ ግቢ ገበሬ ሞልቶታል። በሬ የያዘ፣ በግ የያዘ። አንዱ በቅሎውን እንደያዘ ዘሐራ ነጠላ ውስጥ አየና «እትዬ፣ አይጧስ ደኅና ናት? ለእሷ ተራ አልያዛችሁም?» አለ። ሰው ሳቀ። ዘሐራ አልሳቀችም። እኔም አልሳቅሁም። ሰውዬው ፊታችንን አይቶ ተራውን ለቀቀልን።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። እጅጌውን ሰብስቦ ነብሮን ጠረጴዛው ላይ አስተኛው።

«መርዝ ነው» አለች ዘሐራ ገና ሳይጠይቃት።

«ቆይ እማማ፣ መርዝነቱን እኔ ልፈልገው።» የነብሮን ከንፈር ገልጦ ድዱን ተጫነ። ዓይኑን አየ። «መርዝ ነው ያሰኘዎት ምንድን ነው?»

«ደም አለ። ያስታውካል።»

«ሁለቱም በመርዝ ይመጣል» አለ።

ዘሐራ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የላም ሥዕል አየሁ።

«ሽንቱን የሸናው መቼ ነው?» አለ ሐኪሙ።

ዘሐራ አሰበች። «አመዱ ላይ ይቀመጣል…»

«መቀመጡን አይደለም። አመዱ የረጠበው መቼ ነው?»

ሐኪሙ የነብሮን ሆድ ከኋላ እግሮቹ ፊት ለፊት ቀስ ብሎ ጨበጠ። ነብሮ ጮኸ። ሐኪሙ እጁን አነሣና «ይዳስሱት፣ እማማ» አላት። «ቀስ ብለው።»

ዘሐራ ዳሰሰች። ፊቷ ተለወጠ። «ድንጋይ አለ እኮ። ሎሚ የሚያህል።»

«ድንጋይ አይደለም፣ ፊኛው ነው። ሽንት ሞልቶ ተወጥሮ ነው እንዲህ የሆነ። መውጫው ተዘግቷል። ወንድ ድመት የሽንት ቧንቧው እንደ ክር ቀጭን ነው፤ ጥቂት አሸዋ ይደፍነዋል። ሽንቱ ካልወጣ ደሙን ይመርዘዋል፤ ማስታወኩ ከዚያ ነው። እስከ ነገ አይቆይም።»

«መርዝስ?» አልሁ። ከገባን የተናገርሁት የመጀመሪያ ቃል ነው።

«የዘጋውን ሳላወጣ አልናገርም» አለ። «እዚህ ያለኝ ዕቃ ለላምና ለፈረስ የሚሆን ነው። ግሉኮስ ሲሰቀል ክንድ ላይ የሚቀረውን ቀጭን ላስቲክ፣ የሕፃናቱን፣ ከሰው መድኃኒት ቤት ያምጡልኝ።»

ዘሐራ ድመቱን ይዛለች። የምሄደው እኔ ነበርሁ። ሮጬ ሄድሁ፣ ሮጬ መጣሁ። ለሐኪሙ ሳቀብለው ዘሐራ እጇን በመካከላችን አስገባች።

«ልየው።»

ሐኪሙ ሁለታችንን ተራ በተራ አየን። «ማሸጊያው አልተከፈተም፣ እማማ። ይኸው።» እሷ ግን በጣቷ ዳር ዳሩን ዳሰሰችው፤ ከዚያ ሰጠችው። «እናንተ ትተዋወቃላችሁ?» አለችው እኔን በአገጯ እያሳየች።

«እኔ የማውቀው በሬ ይዞ የሚመጣውን ነው» አለ። «አሁን አጥብቀው ይያዙልኝ።»

ማደንዘዣ ወጋው። ነብሮ ቀስ በቀስ ለሰለሰ። ሐኪሙ ካመጣሁት ላስቲክ ውስጥ መርፌውን ነቅሎ ላስቲኩን ብቻ አስቀረ፤ በቅባት አራሰው፤ በሲሪንጅ የጨው ውኃ ሞላ። ገፋ፤ አልሄደም። በጣቶቹ አሻሸው፤ እንደገና ገፋ። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። ዘሐራ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እኔም በልቤ እመቤቴን ያዝኋት። ለድመት እንዲህ ጸልዬ አላውቅም። ለድመትም ብቻ አልነበረም የጸለይሁት።

«ያረቢ» አለች ዘሐራ።

ያኔ አንድ ነገር ተለቀቀ። ቀይ፣ የደፈረሰ ሽንት በላስቲኩ ፈንጥቆ የሐኪሙን ነጭ ልብስ አራሰው። እሱ ሳቀ፤ «ይኸው ደመወዜ» አለ። ሽንቱ መፍሰሱን ቀጠለ። የነብሮ ሆድ እንደ ባዶ ስልቻ ላላ።

ከሽንቱ ጋር የወጣውን ሐኪሙ በጣቱ ጠርጎ ዘሐራ መዳፍ ላይ አደረገው። «ይሹት።»

ግራጫ ነው። አሸችው። ከወፍጮ ድንጋይ እንደሚረግፍ ብናኝ ይሻክራል።

«መርዙ ነው እንዲህ የሆነ?»

«መርዝ ጠጠር አይሆንም፣ እማማ። በአይጥ መርዝ ቢሆን ድዱም ይደማ ነበር፤ ሲያንዘፈዝፈውም ያዩ ነበር። ይህ እዚያው ፊኛው ውስጥ የረጋ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ውኃ ሲፈላ የሚጋገር ነጭ ነገር አለ አይደል? እንደዚያ ነው። ሽንት ሲወፍር ይረጋል። ውኃ ይጠጣል?»

«ድመት ውኃ ይጠጣል እንዴ? ወተት ነበር የምሰጠው።»

«አሁንስ?»

«ላሟ ነጥፋለች።»

«ምን ይበላል?»

«ደረቅ እንጀራ። የቋንጣ ቁራጭ።» ቆም አለች። «ታስሮ ነው ያለው።»

«ለምን ታሰረ?»

ዘሐራ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። መርዙን እንዳይበላ ነው የታሰረው። እሰሪልኝ ያልሁት እኔ ነኝ፤ እሺ ብላ ያሰረችው እሷ ናት። ሁለታችንም በደንባችን መሠረት ትክክል ነበርን። ድመቱን ግን ገመዱም ደረቁ ምግብም ለሞት አቀረቡት።

«ጠጠሩ ቀድሞም ይኖርበት ይሆናል» አለ ሐኪሙ፤ መተያየታችን ምን እንደሆነ አልገባውም። «ውኃ ማጣቱና አለመንቀሳቀሱ አባባሰው። ይፈቱት። ውኃ በሁለት በሦስት ቦታ ያኑሩለት፤ በየቀኑ ይለውጡት። እንጀራውን በመረቅ ያርሱት፤ ጨው አይኑረው። ወተት የውኃን ቦታ አይተካም። ዳግመኛ ሊዘጋ ይችላል። ነገ ጠዋት አመዱን ይዩ፤ ርጥብ ካልሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡት።»

ስንመለስም እሷ ፊት፣ እኔ ኋላ ነበርን። ደጇ ስንደርስ ቆመች። ይቅርታ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። «ደኅና ዋይ» ብላ ገባች። ለመዲና ምን እንደምትል አልነገረችኝም፤ አልጠየቅኋትም። ድመቱ ድኗል ወይስ አልዳነም የሚለው ገና ነው። የትርንጎ ነገርም እንደዚያው ገና ነው።

ይህን የምታነብቡ ወገኖቼ፣ ከዚያ ቀን የተማርሁትን በጥቂት ቃል ልንገራችሁ። ወንድ ድመታችሁ እየደጋገመ ቁጢጥ ብሎ ሲያምጥ፣ ሲጮኽ፣ ራሱን ሲልስ ካያችሁ ሆዱ ደረቀ ብላችሁ ቅቤ አትስጡት። ሽንቱን እዩ። ከሌለ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ዘንድ አድርሱት። ውኃ አኑሩለት፤ ይጠጣል። መርዝ ስታስቀምጡ ድመት ታስራላችሁ፤ እሰሩ፣ ግን የታሰረ የሚጠጣውን ራሱ አይፈልግም፤ የሚያቀርብለት የአሳሪው እጅ ነው።

ስለ ሰውም አንድ ነገር ልበል። እኔ ባለመማሌ ተጠረጠርሁ፤ እንደገና ቢመጣም አልምልም። ጥርጣሬ ግን እንደዚያ ድመት ሽንት ነው ለካ። መውጫ ካጣ እዚያው ይረጋል፣ ይጠጥራል። ከዚያ ወዲህ የሚከነክነኝን ነገር ሳላሳድር እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ መልሱ እኔ ከፈራሁት ያነሰ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ይህን በአንድ ድመት አስተማረኝ፤ በሰው ነፍስ አላስተማረኝም።

በማግሥቱ ዐርብ ኪዳን አድርሼ ስመለስ ቤቴ አልገባሁም። መርዙን ገና ሳልወጣ ከነክዳኑ ቀብሬው ነበር። በጥዋ ውኃ ቀድቼ በቀጥታ ወደ ዘሐራ ማድቤት ሄድሁ። በሩ ተከፍቷል። ምሰሶው ላይ ገመድ የለም። ዘሐራ ስልኳን በእጇ ይዛ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች፤ ነብሮ እግሯ ሥር ነው። ሁለታችንም «እንዴት አደርሽ» አላልንም። ጥዋውን መሬት አስቀምጬ አመዱ ዘንድ ተንበረከክሁ፤ እጄን ከተትሁ።

«አልደፈርሁም» አለች ዘሐራ። «አንቺ ንኪው ብዬ ነው የጠበቅሁሽ።»

«ርጥብ ነው» አልኋት። «ጭቃ ሆኗል።»

እጇን በአፏ ላይ አደረገች። ያን ጊዜ ነው የጠየቅኋት። «ያለፈው ዐርብ ትርንጎን ለምን ከለከልሽኝ?»

«ታማ ነበር» አለች። «ወባ ነው አሉ። እስክትድን ለእናቷ አትንገሪ ብላ መዲና አስምላኝ ነው። እኔ እንዳንቺ መሐላ እምቢ ማለት አላውቅ።»

ስልኩ ጮኸ። ዘሐራ ቁጥሩን አይታ ወደ ጆሮዋ አላስጠጋችውም፤ ለእኔ ዘረጋችው። «ማታ አስደውዬ ሐኪሙ ያለውን ለመዲና ነግሬያታለሁ፤ የቀረውን የምትነግሪያት አንቺ ነሽ» አለችኝ።

እጄ አመድ ነበር። በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ ተቀበልኋት። ከወዲያ ማዶ የመጣው ድምፅ የመዲና አልነበረም።

«እማዬ» አለች ትርንጎ፤ «ነብሮ ሸና?»